ድንጋይ የሚበላ ዝናብ፦ ከለንደን እስከ አግራ

ውኃ የኖራ ድንጋይን ለማሟሟት የፋብሪካ ጭስ አያስፈልገውም። በባሌ የዌብ ወንዝ ከሶፍ ዑመር ኮረብታ ሥር ገብቶ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ ዋሻ ፈልፍሏል። ዓምዶቹን፣ አዳራሾቹንና ቅስት መተላለፊያዎቹን የቀረጸው የጠራቢ እጅ ሳይሆን ውኃ ነው። ዝናብ ወደ ምድር ሲወርድ ከአየር ላይ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፤ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ደግሞ ይጨምርበታል። ጋዙ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ካርቦኒክ አሲድ የሚባል ደካማ አሲድ ይሆናል። ብክለት ያልነካው ዝናብ እንኳ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5.6 ገደማ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ደካማ አሲድ የኖራን ድንጋይ ያሟሟል፤ የሚያሟሟው ግን በሰው ዕድሜ በማይቆጠር ጊዜ ነው።

ስለዚህ የኖራ ድንጋይ በተፈጥሮው የሚያልቅ መሆኑ አያከራክርም። ይህ ቅኝት የሚከታተለው የሚያልቅበትን ፍጥነት ነው። ባለፉት ሦስትና አራት መቶ ዓመታት፣ በተለይ የድንጋይ ከሰል የከተሞችን ምድጃና ሞተር ከያዘ ወዲህ፣ ሺህ ዓመት ይቆያሉ ተብለው የተጠረቡ ፊቶች በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አፍንጫቸውንና ዓይናቸውን አጥተዋል። ጥፋቱ ምክንያት አለው፤ መነሻ ጊዜ አለው፤ ያፈጠኑት የሰው ውሳኔዎችም በስም ይታወቃሉ። ደግነቱ ያዘገዩትም ውሳኔዎች እንዲሁ ይታወቃሉ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በድንጋዩ ገጽ ላይ የሚሆነው

የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት በውስጣቸው ሰልፈር አለ። ሲነዱ ሰልፈሩ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይወጣና በአየርና በደመና ውስጥ ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። ከመኪና ሞተርና ከትልልቅ ምድጃዎች የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ደግሞ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ዝቅ ሲል አሲድነቱ አሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በብክለቱ ዘመን የተለመደው 4.2 ወይም 4.4 የሚለካ ዝናብ ከንጹሑ ዝናብ ከአሥር እጥፍ በላይ አሲዳማ ነበር። በስኮትላንድ ፒትሎክሪ በ1974 የወረደ አንድ ዝናብ ደግሞ 2.4 ተለክቷል፤ ይህ የኮምጣጤን ያህል የሚጎመዝዝ ውኃ ነው።

የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በጥንት ባሕር ወለል የተከመረ የቀንድ አውጣና የሌሎች ፍጥረታት ቅርፊት ክምችት። እብነ በረድም ያው ድንጋይ ነው፤ በምድር ሆድ ሙቀትና ጫና ተለውጦ ጠንክሯል እንጂ ዘሩ አልተለወጠም። ሰልፈሪክ አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበንና የሚቀረው ካልሲየም ሰልፌት ከውኃ ጋር ተያይዞ ጀሶ ይሆናል። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጀሶ ከካልሲየም ካርቦኔት ይልቅ በውኃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ከዚያም በላይ ከተተካው ድንጋይ እጥፍ የሚያህል ቦታ ይይዛል። በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲያድግ ግድግዳቸውን እየገፋ ይሰነጥቃቸዋል።

ከዚህ በኋላ የአንድ ሕንፃ ሁለት ገጾች ሁለት የተለያየ መልክ ይይዛሉ። ዝናብ የሚያገኘው ገጽ ጀሶው እየታጠበ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን በየዓመቱ እየሳሳ ነው። የጠርዙ ስለት ይደንዛል፤ ፊደል ይደበዝዛል፤ የሐውልት ጣት ይቀጥናል። ዝናብ በማይደርስበት ከክፈፉ ሥር፣ ከሐውልቱ አገጭ በታች፣ በቅርጹ እጥፋት ውስጥ፣ ጀሶው ሳይታጠብ ይቀርና የጭሱን ጥላሸት እየሰበሰበ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ ለጊዜው ቅርጹን የጠበቀ ይመስላል። በኋላ ግን ይነፋና ይላጣል፤ ሲወድቅም የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ይወድቃል፤ ከሥሩ የሚገኘው ዱቄት የመሰለ የላላ ድንጋይ ነው። የነጣው ጤነኛ፣ የጠቆረው ብቻ በሽተኛ የሚመስለው ተመልካች ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ ደግሞ ዝናብ እስኪዘንብ አይጠብቅም። ጋዙ ራሱ ጤዛ ወይም የአየር እርጥበት በነካው ድንጋይ ላይ አርፎ እዚያው አሲድ ይሆናል። በከተማ መሐል፣ ጭሱ ከሚወጣበት ምድጃ አጠገብ፣ ብዙው ጉዳት በዚህ መንገድ የደረሰ ነው።

ለእኛ አንባቢዎች ልዩነቱን በደንብ የሚያሳይ አንድ ምስክር አለ። ከ1937 ጀምሮ ሮም ላይ የቆየውና በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ለአሥርተ ዓመታት በመኪና ጭስ መሐል ቆሟል። ድንጋዩ ግን ከቀለጠ ዓለት የተገኘ በመሆኑ እንዲህ ያለው አሲድ እንደ ኖራ ድንጋይ አያሟሟውም። በዚያው ከተማ የነበሩት የትራያንና የማርቆስ አውሬሊዮስ የእብነ በረድ ዓምዶች ግን ጥቁር ቅርፊት ለብሰው ቅርጻቸው ሲላጥ ቆይቷል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ከዝናብ ጋር ያላቸው ችግር ሌላ ነው።

ለንደን፦ ከሰሉና ካቴድራሉ

ታሪኩ በሰፊው የተጻፈው በለንደን ድንጋዮች ላይ ነው። ከተማይቱ በመካከለኛው ዘመን ከሰል ማንደድ ጀመረች፤ በ14ኛው መቶ ዓመት መባቻ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ቢከለክልም ሰሚ አላገኘም። በ1661 ጆን ኢቭሊን የሚባል ጸሐፊ «ፉሚፉጂየም» የተሰኘች ትንሽ መጽሐፍ ለንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ አቀረበ። የከሰሉ ጭስ ሳንባን እንደሚጎዳ፣ ብረትንና ጠንካራ ድንጋይንም እንደሚበላ ጽፎ፣ ጭስ የሚያበዙ ሥራዎች ከከተማ እንዲወጡና በዙሪያዋ መልካም ሽታ ያላቸው ተክሎች እንዲተከሉ መከረ። ሰልፈሩ ጥፋተኛ መሆኑን እንኳ ያን ጊዜ ጠቁሟል። ምክሩ ተነበበ፤ ሥራ ላይ አልዋለም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ታላቁ ቃጠሎ ከተማዋን በላ። ክሪስቶፈር ሬን አዲሱን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሲሠራ ከደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ከፖርትላንድ የሚወጣውን ነጭ የኖራ ድንጋይ መረጠ። ሕንፃው በ1675 ተጀምሮ በ1710 ተጠናቀቀ። ዛሬ ድንጋዩን በእጁ የሚዳስስ ሰው ሸካራነቱ ያስደንቀዋል። በዙሪያቸው ያለው ለስላሳ ኖራ ስለተበላ በውስጡ የነበሩ የጥንት የባሕር ቅርፊቶች ፈጥጠው ወጥተዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ከጣሪያው ዙሪያ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ አለ። በ1718 ገደማ ድንጋዮቹ ወደ ላይ ሲጎተቱ ለማንሻ ተብለው የተቦረቦሩት ቀዳዳዎች በኋላ ቀልጦ በፈሰሰ እርሳስ ተደፈኑ፤ እርሳሱም ከድንጋዩ ገጽ ጋር እኩል ተደረገ። እርሳስን ይህ አሲድ እንደ ኖራ ድንጋይ አይበላውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ወደዚያ ሲወጡ እርሳሶቹ ከድንጋዩ በላይ ጎልተው ቆመው አገኟቸው። እርሳሱ ያለበት ከፍታ የጥንቱ ገጽ ነው፤ ከሥሩ የጎደለው ደግሞ የተበላው ድንጋይ ነው። ሲለካ በዓመት 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ። በአንድ ዓመት ዓይን አያየውም፤ በ250 ዓመት ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ደግሞ አንድ ቅርጽ ጥርት ያለ መልክ እንዲኖረው የሚያደርገውን ሁሉ ይበላል።

በቴምዝ ዳር ያለው የፓርላማ ሕንፃ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ያሳዝናል። አሮጌው በ1834 ሲቃጠል ለአዲሱ ድንጋይ የሚመርጥ ኮሚሽን በ1839 ተሰየመ። ንድፍ አውጪው ቻርልስ ባሪና የምድር ጥናት ሊቁ ዊልያም ስሚዝ ከአባላቱ ነበሩ። በየካባው ዞሩ፤ የጥንት ሕንፃዎችንም ተመለከቱ። በገጠሪቱ ሳውዝዌል ያለው ከማግኒዥየማማ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ ካቴድራል ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ቅርጹ ሳይነካ ሲያገኙት በዚህ ዓይነት ድንጋይ ላይ ያላቸው እምነት ጸና። በመጨረሻ ከዮርክሻየር የአንስተን ድንጋይ ተመረጠ። ሕንፃው ገና ሳያልቅ ድንጋዩ ይፈረፈር ጀመር፤ በ1861 ምክንያቱን የሚመረምር ሌላ ኮሚሽን ማቋቋም ግድ ሆነ። ከካባው ሲወጣ የድንጋዩ ምርጫና ቁጥጥር ልል መሆኑ ለጉዳቱ አንድ ምክንያት ነበር። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ድንጋዩ የተመዘነው በገጠር አየር፣ የቆመው በለንደን ጭስ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት የተጎዳው ክፍል ክሊፕሻም በሚባል ሌላ የኖራ ድንጋይ መተካት ነበረበት።

ዝናቡን የመረመሩ ሰዎች

በማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ፣ ሮበርት አንገስ ስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ የዝናብ ውኃ እየሰበሰበ ይመረምር ነበር። በ1852 ባወጣው ጥናት ወደ ከተማው መሐል በተጠጋን ቁጥር የዝናቡ ሰልፈሪክ አሲድ እንደሚጨምር አሳየ። በ1872 ባሳተመው «አየርና ዝናብ» በተሰኘው ትልቅ መጽሐፉ የአሲድ ዝናብ የሚለውን ስያሜ ለዓለም ሰጠ፤ ድንጋይ፣ ብረትና ተክል እንዴት እንደሚጎዱም ዘረዘረ። የሶዳ ፋብሪካዎች የሚለቁትን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ቢያንስ 95 በመቶ እንዲያስቀሩ ያስገደደው የ1863 ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመው እርሱ ነው። ሕጉ ሠርቷል፤ የከሰል ጭስን ግን አልነካም።

በ1880 ሌላ ስኮትላንዳዊ፣ የምድር ጥናት ሊቁ አርችባልድ ጊኪ፣ በኤዲንብራ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ውስጥ በመቃብር ድንጋዮች መካከል እየተመላለሰ አጠና። የመቃብር ድንጋይ ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው፤ የቆመበት ዓመት በላዩ ተጽፏል። ጊኪ በዚያች ጭሳም ከተማ ደጅ የቆመ እብነ በረድ መቶ ዓመት ሳይሞላው ጽሑፉ እንደሚጠፋና እንደሚፈራርስ ደመደመ። ዛሬም ፊደሉ በእርሳስ የተሞላ አሮጌ የመቃብር ድንጋይ ያገኘ ሰው ይህን በጣቱ ሊፈትሽ ይችላል፤ ጥንት ከገጹ ጋር እኩል የነበሩት የእርሳስ ፊደሎች አሁን ከድንጋዩ በላይ ቆመው ይዳሰሳሉ።

እንግዲህ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ መንስኤው፣ መንገዱና ፍጥነቱ ሁሉም ታውቆ ነበር። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም።

ረጅሙ ጭስ ማውጫ

ለውጥ ያመጣው የሰው ሞት ነው። ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 ለንደንን የሸፈነው የጭስና የጉም ቅልቅል በመጀመሪያው ግምት 4,000 ሰዎችን፣ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች እስከ 12,000 የሚደርሱትን ገደለ። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። በመኖሪያ ቤቶች ጭስ አልባ ማገዶ እንዲነድ፣ የፋብሪካ ጭስም ከፍ ብሎ እንዲወጣ ተደረገ። ጥቁሩ ጥላሸት ከከተማው ሰማይ ቀነሰ። ሰልፈሩ ግን አልጠፋም፤ ጭስ ማውጫው በረዘመ መጠን ጋዙን ነፋስ ወደ ሩቅ አገር ይወስደው ጀመር። በካናዳ ሰድበሪ በ1972 የተጠናቀቀው የኒኬል ማቅለጫ ጭስ ማውጫ 381 ሜትር ይረዝም ነበር።

በ1967 ስዊድናዊው የአፈር ሳይንቲስት ስቫንቴ ኦዴን የአገሩ ሐይቆችና ወንዞች አሲዳማ እየሆኑ መምጣታቸውን፣ መነሻውም የእንግሊዝና የመካከለኛው አውሮፓ ጭስ መሆኑን በጋዜጣ ለሕዝብ ገለጸ፤ ነገሩንም በአገሮች መካከል ከሚደረግ የኬሚካል ጦርነት ጋር አመሳሰለው። በ1972 በስቶክሆልም የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ጉዳዩን የዓለም አደረገው፤ በ1979 በጄኔቫ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለትን የሚመለከት ስምምነት ተፈረመ። በ1985 የሄልሲንኪ ፕሮቶኮል ፈራሚዎቹን አገሮች ሰልፈርን በ30 በመቶ እንዲቀንሱ አስገደደ።

በሌሎች ከተሞች የጠፉት ፊቶች

በጀርመን ሩር የኢንዱስትሪ አውራጃ፣ ሄርተን በሚባለው ቤተ መንግሥት በር ላይ በ1702 የተቀረጸ ሐውልት አለ። ድንጋዩ ኖራ ያያያዘው አሸዋማ ድንጋይ ነው። በ1908 በተነሣው ፎቶግራፍ ሁለት መቶ ዓመት አልፎትም ፊቱ፣ እጁና የልብሱ እጥፋት በደንብ ይለያሉ። በ1969 በተነሣው ፎቶግራፍ ግን ፊት የለውም፤ የቆመ የድንጋይ ጉቶ ሆኗል። ሁለት መቶ ዓመት ያልነካውን ስድሳ ዓመት ጨረሰው።

በፖላንድ ክራኮቭ በቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ሐውልቶች ቆመዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከለስላሳው የፒንቾቭ የኖራ ድንጋይ የተቀረጹት ግን እነዚህ አይደሉም። ከ1954 ጀምሮ በከተማዋ ዳር የኖቫ ሁታ የብረት ፋብሪካ ሲነሣና ከሰሉ ሲበዛ የጥንቶቹ ሐዋርያት መልካቸውን አጡ፤ በቅጂ መተካት ግድ ሆነ። የከተማዋ ሕዝብ ግን ዝም አላለም። በ1980 የፖላንድ ሥነ ምህዳር ክበብ ተመሠረተ፤ በ1981 መጀመሪያም በሕዝብ ግፊት በአቅራቢያው የነበረው የስካቪና የአልሙኒየም ፋብሪካ ምርቱን አቆመ። በዚያ ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ ይህ ቀላል ድል አልነበረም።

በአቴንስ አክሮፖሊስ የፓርቴኖን እብነ በረድ ከ447 እስከ 432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተሠራ ነው። ጦርነት፣ ፍንዳታና ዝርፊያ አልፎበታል። የ20ኛው መቶ ዓመት የመኪናና የቤት ማሞቂያ ጭስ ደግሞ ከሁሉ በዝምታ የሠራ ጠላቱ ሆነ። በ1977 ሴኔጋላዊው የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር አማዱ ማህታር ምቦው አክሮፖሊስን እናድን የሚል ዓለም አቀፍ ጥሪ አሰሙ። በ1979 በዚያው ኮረብታ ያለውን የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ ጣሪያ በራሳቸው ተሸክመው የቆሙት የሴት ሐውልቶች ወርደው ወደ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ደጅ የቆሙት ቅጂዎቻቸው ናቸው።

እዚያ አንድ ነገር ልብ ይነካል። የብሪታንያው ዲፕሎማት ሎርድ ኤልጊን በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ የፓርቴኖንን ቅርጾች ነቅሎ ሲወስድ በምዕራቡ በኩል ያሉትን አብዛኞቹን በቦታቸው ትቶ በጀሶ ቅጂያቸውን አስወጣ። እነዚያ ቅርጾች እስከ 1993 ድረስ አየር ላይ ቆዩ። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት የጀሶ ቅጂዎች ከእብነ በረዱ ላይ የጠፉ ዝርዝሮችን ጠብቀው ይዘዋል። አሲዱ እብነ በረዱን ወደ ጀሶ ለወጠው፤ የጠፋውን መልክ ያቆየልን ደግሞ ከዝናብ የተጠበቀ ጀሶ ነው።

በሕንድ አግራ የታጅ ማሃል ጉዳይ በፍርድ ቤት ተወሰነ። ጠበቃው ኤም. ሲ. ሜታ በ1984 የመሠረቱት ክስ፣ የማቱራ ነዳጅ ማጣሪያና በዙሪያው ያሉ ማቅለጫዎች እብነ በረዱን እየጎዱ ነው የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1996 ከሰል የሚያነዱ 292 ድርጅቶች ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲዞሩ ወይም አካባቢውን እንዲለቁ አዘዘ። የሠራተኞቹ መብት በውሳኔው ውስጥ ስፍራ ማግኘቱም ያስመሰግነዋል።

የተለካው ለውጥ

ሕጎቹ ፍሬ አፍርተው እንደሆነ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል። በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ላይ ከ1980 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት በትክክለኛ መሣሪያ ተለክቷል። ፊት ለፊቱ በቴምዝ ማዶ የነበረው የባንክሳይድ ኃይል ማመንጫ በ1981 ተዘጋ፤ የባተርሲም ተከተለ። በአየሩ ውስጥ የነበረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከአንድ ቢሊዮን እጅ 80 ገደማ የነበረው በ2010 ወደ 3 ወረደ። የድንጋዩ መበላትም በመጀመሪያው አሥር ዓመት በዓመት ወደ 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም ወደ 0.035 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለ። ከጥንቱ ፍጥነት ከግማሽ በታች ማለት ነው። አሜሪካም በ1990 ባሻሻለችው የንጹሕ አየር ሕግ ለኃይል ማመንጫዎች የሰልፈር ጣሪያ አበጅታ የሚለቁትን ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰች።

የቀረውን ፍጥነት ምን ያመጣዋል? በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተለያዩ ቦታዎች የኖራ ድንጋይና የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ደጅ ተሰቅለው ተፈትነው ነበር። በዝናብ ከሚሟሟው ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ንጹሕ ዝናብም ቢሆን የሚያሟሟው፣ 30 በመቶ የሚሆነው ብክለቱ የጨመረው ሆኖ ተገኘ። የተፈጥሮው ድርሻ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የፈለፈለው ያው አዝጋሚ ሥራ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። የሰው ድርሻ ግን ይህን የሚጨምርበት ነው፤ በጭሳሙ ከተማ መሐል ደግሞ ጥቁሩ ቅርፊት የሚልጠው ተደምሮ ጉዳቱ ይበዛል።

ጭሱ ከአውሮፓ ሲቀንስ በእስያ ጨመረ። የቻይና የሰልፈር ልቀት በ2006 ገደማ ጣራ ነክቶ በኋላ በብርቱ ወረደ፤ ሕንድ ደግሞ ከዋነኞቹ ለቃቂዎች አንዷ ናት። በብዙ ከተሞች ሰልፈሩ ሲጠፋ የመኪናው የናይትሮጅን ኦክሳይድና ደቃቅ ብናኝ ቀርቷል። በእኛ አገር ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ግድብ ስለሚገኝ ከሰል ያነደዱ ከተሞችን የሰልፈር ጭጋግ አላየንም። የአሮጌ መኪና ጭስና ከሰል የሚያነዱ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ግን አሉን፤ በእብነ በረድ የተለበዱ አዳዲስ ሕንፃዎችም በየመንገዱ እየቆሙ ነው። አየሩን ዛሬ መለካት የምንጀምረው ነገ ፊደሉ የጠፋ ሐውልት ሲያሳስበን ከምንጀምረው በእጅጉ ይረክሳል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ የምወስደው የዓመታቱን ርቀት ነው። ኢቭሊን ጭሱ ድንጋይ እንደሚበላ ከጻፈ በኋላ እስከ ንጹሕ አየር ሕግ 295 ዓመት አለፈ። ሮበርት አንገስ ስሚዝ መጽሐፉን ካሳተመ እስከ ጄኔቫው ስምምነት ደግሞ 107 ዓመት። ከዚህ ስምምነት በኋላ ግን የካቴድራሉ ድንጋይ መዘግየት ለማሳየት ሃያ ዓመት አልፈጀበትም። የጠፋውን ፊት ማንም አይመልሰውም፤ የተረፈው የሚጠፋበትን ፍጥነት ግን የሚወስነው የምናነደው ማገዶና የምናወጣው ሕግ ነው። ዕውቀቱ በእጃችን ስላለ የሚቀረን ምክንያት የለም።